ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከመጀመሪያው ለምን እንደ ፈሳሽ ማጠራቀሚያ ታንክ አልተሠራም?

የሐይቅ ዳር መምህር፦

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር የምንገናኝበት የሳይንስ ክበብ አለን፤ ባለፈው ሳምንት ስለ ተንሳፋፊ አካላት ስንነጋገር፣ ከአሥር ዓመት በፊት አገራችን በቻይና ካሠራቻቸው ዘጠኝ የንግድ መርከቦች መካከል ሁለቱ ነዳጅ ጫኝ እንደነበሩ፣ አንደኛው «ሐዋሳ» ሁለተኛው «ባሕር ዳር» ተብለው እንደተሰየሙ ነገርኋቸው። የከተማቸው ስም በነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ መጻፉን ሲሰሙ ስለ ተንሳፋፊ አካላት የጀመርነው ትምህርት ወደ መርከብ ታሪክ ዞረ።

ከንባቤ የማስታውሰውን አካፈልኋቸው። ኤድዊን ድሬክ በፔንሲልቬንያ የነዳጅ ጉድጓዱን የቆፈረው በ1859 ነው። በ1861 «ኤልሳቤጥ ዋትስ» የምትባል ባለ ሸራ መርከብ በእንጨት በርሜል የተሞላ ነዳጅ ጭና ከፊላደልፊያ ወደ ለንደን ተጓዘች። ለዛሬዎቹ ነዳጅ ጫኞች እናት የሚባለው «ግሉክአውፍ» ግን የተሠራው በ1886 ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በዚህ ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ታዲያ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በበርሜል ከሚያግዙት ነዳጁን በቀጥታ መርከቡ ውስጥ ለምን አላፈሰሱትም?» ብላ ጠየቀችኝ። ብረት ነበረ፤ የእንፋሎት ሞተር ነበረ፤ ፓምፕም ነበረ። አጥጋቢ መልስ መስጠት ስላልቻልሁ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቻታለሁ። እዚህ የምትሳተፉ የታሪክም የሙያም ሰዎች፣ ያቆያቸው ነገር ምን እንደነበረ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

የታቦር ሥር አንባቢ፦

መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀችው የጉዳዩን እምብርት ነው። በመጀመሪያ ግን በርሜሉን ራሱን እንመልከት፤ ምክንያቱም በርሜል እንዲሁ በልማድ የተያዘ ዕቃ ሳይሆን በወቅቱ በየትኛውም ወደብ፣ በየትኛውም ጋሪና ባቡር ላይ ያለ ልዩ መሣሪያ ሊንቀሳቀስ የሚችል ብቸኛው የፈሳሽ መያዣ ነበር። የዛሬው የነዳጅ ዋጋ የሚነገርበት በርሜል፣ ማለትም 42 የአሜሪካ ጋሎን ወይም 159 ሊትር ያህል፣ የዚያ ዘመን ልኬት ነው። ጉድለቱ ብዙ ነበር። ባዶው በርሜል ብቻውን 29 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ከጠቅላላው ክብደት አንድ አምስተኛ የሚጠጋው እንጨት ነው። ክብ በመሆኑ በርሜል ከበርሜል መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ መገጣጠሚያውም ያንጠባጥባል፤ ዋጋውም ከያዘው ነዳጅ ዋጋ ጋር የሚፎካከርበት ጊዜ ነበር።

ይህ ሁሉ ጉድለት እየታየ ነዳጅን በቀጥታ መርከብ ውስጥ ማፍሰስ ያልተቻለበት የመጀመሪያው ምክንያት የመርከቡ እንጨትነት ነው። ውሃን የሚያግድ የእንጨት ስፌት ላምባን አያግድም። (በዚያን ጊዜ ዓለም ከነዳጅ የሚፈልገው ቤንዚንን ሳይሆን ለፋኖስ የሚሆነውን ላምባ እንደነበረ ልብ ይሏል።) የብረት መርከብ ከተስፋፋ በኋላም ሌላ ፍርሃት ቀረ፤ እሱም እሳት ነው። በ1870ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ የተሠራችው «ፋደርላንድ» ወደ አሜሪካ መንገደኛ፣ ስትመለስ ደግሞ ነዳጅ እንድትጭን ታስባ ነበር፤ ነገር ግን መንገደኛና ነዳጅ በአንድ መርከብ እንዲጓጓዙ ስላልተፈቀደ ነዳጅ በታንኮቿ ሳትጭን ኖረች።

የነገሩ መፍትሔ በእርግጥ የመጣው ከውቅያኖስ ሳይሆን መውጫ ከሌለው ባሕር፣ ከካስፒያን ነው። በዳይናማይቱና በሽልማቱ የሚታወቀው የአልፍሬድ ኖቤል ወንድም ሉድቪግ ኖቤል፣ የባኩን ላምባ ወደ ሩሲያ ለማድረስ በ1878 «ዞራስተር» የተባለችውን የብረት መርከብ ስዊድን ውስጥ አሠራ። ርዝመቷ 56 ሜትር ሲሆን ሁለት ትልልቅ የብረት ታንኮች ነበሯት፤ አንዱ ከሞተር ክፍሉ ፊት፣ ሌላው ከኋላው፤ ሁለቱም በቧንቧ የተገናኙ። 242 ቶን ላምባ ትጭን ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ወደ ካስፒያን የደረሰችበት መንገድ ነው፤ ከባልቲክ ባሕር ተነሥታ በሐይቆች፣ በቦዮችና በቮልጋ ወንዝ አልፋ ነው የገባችው፤ ስለዚህ ስፋቷን የወሰነው የነዳጁ ብዛት ሳይሆን የቦዮቹ ጥበት ነበር።

ሉድቪግ ኖቤል ግኝቱን በፓተንት አላስጠበቀም፤ ሌሎችም እየቀዱ ሠሩ። ሆኖም ትምህርቱ በደም ጭምር የተገኘ ነው። በ1881 «ኖርደንሾልድ» የምትባለው እኅት መርከብ ባኩ ላይ ላምባ እየጫነች ሳለ ድንገተኛ ነፋስ መታትና የመጫኛው ቧንቧ ከአፉ ወጣ። ላምባው በላይኛው ወለል ላይ ፈሰሰ፤ ከዚያም ሠራተኞች በላምባ ፋኖስ ብርሃን ወደሚሠሩበት ሞተር ክፍል ወረደ። መርከቧ ፈነዳች፤ ከሠራተኞቿም ግማሹ አለቀ። ኖቤል ከዚህ በኋላ መርከቡ ሲወዛወዝ አብሮ የሚተጣጠፍና የማያፈስ የመጫኛ ቧንቧ ነደፈ። ዛሬ በየወደቡ የምናየው ተጣጣፊ የነዳጅ መጫኛ የዚያ አደጋ ልጅ ነው።

እንግዲህ «ግሉክአውፍ» የመጀመሪያው የተባለበት ምክንያት ግልጽ ነው። በኒውካስል ከተማ ለጀርመናዊው ነጋዴ ሪዴማን ሲሠራ ነዳጁ ያረፈው በመርከቡ ውስጥ በተቀመጠ ታንክ ሳይሆን የመርከቡ ቀፎ (ውጫዊ አካሉ) ራሱ በግድግዳ ተከፍሎ ታንክ ሆኖ ነው። ነዳጁን ከባሕሩ የሚለየው አንድ ብረት ብቻ ነበር። ከጭነቱና ከሞተር ክፍሉ መካከል ሁለት ግድግዳ ያለው ባዶ ክፍተት ተተወ፤ ቫልቮቹ ከላይኛው ወለል ሆነው የሚከፈቱ ነበሩ፤ ባዶውን ሲመለስም ሚዛኑን እንዲጠብቅ የባሕር ውሃ ይሞላ ነበር። እንጀራቸው የተነካባቸው የኒውዮርክ በርሜል ሠሪዎችና የወደብ ሠራተኞች አጥብቀው ተቃወሙት። መርከቡ በ1893 በኒውዮርክ አቅራቢያ አሸዋ ላይ ወጥቶ ተሰባበረ፤ በሰባት ዓመት ዕድሜው ያቋቋመው አሠራር ግን በመሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ጡረተኛ የቦቴ ሾፌር፦

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ ነዳጅ ከአሰብ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1998 ገደማ ወዲህ ደግሞ ከጅቡቲ በቦቴ ሳመላልስ ኖሬ እዚሁ ሐዋሳ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጅቱ የጠየቀችውን ከመርከብ ባይሆንም ከቦቴ አንጻር አውቀዋለሁ።

ነዳጅ እንደ እህል ወይም እንደ ሲሚንቶ ባስቀመጡት ቦታ የሚቀመጥ ጭነት አይደለም። ሙሉ የተጫነ ቦቴ ይከብዳል እንጂ አያስቸግርም፤ የሚያስፈራው ግማሽ የተጫነው ነው። ፍሬን ሲይዙ መኪናው ሊቆም ሲል ነዳጁ ከኋላ መጥቶ ይገፋል፤ ጥምዝ ላይ ሲገቡም ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተሰብስቦ መኪናውን ወደ ውጭ ይጎትታል። ለዚህ ሲባል በቦቴው ውስጥ ክፍልፋይ ግድግዳዎች አሉ፤ የተበሱም አሉ፤ ሙሉ በሙሉ የተዘጉም አሉ። ግድግዳ የሌለውን ቦቴ ይዤ ከሚሌ ወደ አዋሽ ያለውን ዳገትና ቁልቁለት ንዳ ብባል አልነዳም። መርከቡ ደግሞ በማዕበል ላይ ቀን ከሌት የሚወዛወዝ ስለሆነ የእሱን አስቡት።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። አሰብ ላይ በእኩለ ቀን ፀሐይ የተጫነ ናፍጣ በአዳማና በሻሸመኔ አልፎ ሐዋሳ ማደያ ላይ ጎሕ ሲቀድ ሲለካ ይጎድላል። ማንም አልነካውም፤ ቀዝቅዞ ተሰብስቦ ነው። ይህን ያልተረዳ አሠሪ ነበረኝና አንድ ጊዜ ጎደለ የተባለውን ከደመወዜ ቆርጦብኛል። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የሰው እምነት ማጣት ከገንዘቡ ይከብዳል።

አሰብ ላይ ስላየሁት መርከብ አንድ ነገር ልጨምር። ማጣሪያው በ1967 ተከፍቶ በ1997 እስኪዘጋ ድረስ ድፍድፉን የሚያመጡት መርከቦች ነበሩ፤ እኛ ተራችንን ስንጠብቅ ከሩቅ እናያቸዋለን። ሲገቡ ውሃው እስከ ወገባቸው ይደርሳል፤ ሲያራግፉ ከቀን ወደ ቀን ከፍ እያሉ ቀይ የተቀባው ሆዳቸው ይወጣል። ከዚያ ደግሞ ባዶ ሆነው አይሄዱም፤ ውሃ ጠጥተው መልሰው ዝቅ ይላሉ። ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም።

ሞተረኛው፦

ጋሼ፣ በጥቂት አንቀጽ የጻፉት እኛ በባቦጋያ የባሕርተኞች ማሠልጠኛ በብዙ ሰዓት የተማርነው ነው። እኔ በሞተር ክፍል መኮንንነት በተለያዩ አገሮች መርከቦች ላይ እሠራለሁ፤ ሁለት ጊዜ በነዳጅ ጫኝ ላይ ተሰማርቻለሁ። ውሃ የሚጠጡት ባዶ መርከብ እላይ ስለሚንሳፈፍ መርከቡን የሚገፋው መዘውር (ፕሮፔለር) ከውሃ ወጥቶ እንዳይሽከረከርና ቀፎው በማዕበል እንዳይመታ ነው።

መምህር፣ ለፊዚክስ ክፍልዎ የሚሆነውን ላስረዳ። ግማሽ የተሞላ ታንክ ያለው መርከብ ወደ ጎን ሲያዘነብል የፈሳሹ የክብደት ማዕከልም አብሮ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሄዳል፤ መርከቡን ቀጥ አድርጎ የሚመልሰው ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል። ይህ ጉዳት የሚያድገው በታንኩ ስፋት ኩብ ልክ ነው። ስለዚህ አንድ ሰፊ ታንክ መካከል ላይ ከፊት ወደ ኋላ አንድ ግድግዳ ቢቆምበት እያንዳንዱ ግማሽ የቀድሞውን አንድ ስምንተኛ ብቻ ያጠፋል፤ ሁለቱ ሲደመሩ አንድ አራተኛ ይሆናሉ። በሦስት ቢከፈል ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። አንድ ብረት በመጨመር ብቻ ሦስት አራተኛው አደጋ ይወገዳል ማለት ነው፤ ነገር ግን ይህ በስሌት እስኪታወቅና መርከብ ሠሪዎች እስኪያምኑበት ድረስ ሰዎች ፈሳሽን በገፍ የሚጭን መርከብ ይገለበጣል ብለው መፍራታቸው ትክክል ነበር።

የሙቀቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። 40 ሺህ ሊትር ናፍጣ ሙቀቱ በ15 ዲግሪ ሲቀንስ ወደ 500 ሊትር ይጎድላል። ጋሼ ላይ የተቆረጠው ገንዘብ የፊዚክስ ሕግ ዕዳ ነበር። በመርከብ ላይ ነገሩ በሁለቱም በኩል ያስቸግራል፤ ታንኩ አፍ እስከ ገደፉ ከተሞላ ነዳጁ ሲሞቅ መሄጃ ያጣል፤ ቦታ ከተተወለት ደግሞ ይወዛወዛል። የጥንቶቹ መሐንዲሶች ያገኙት መፍትሔ እጅግ ያምራል። ከሰፊው ታንክ አናት ላይ እንደ እንስራ አንገት ጠባብ ክፍል አቆሙ። ታንኩ ሙሉ ሆኖ የነዳጁ ወለል ከፍና ዝቅ የሚለው በአንገቱ ውስጥ ብቻ ነው፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ውዝዋዜው ጉዳት የለውም።

ከታቦር ሥር አንባቢ ጋር በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም። «ግሉክአውፍ» የአሠራሩ ፍጻሜ ነው እንጂ መጀመሪያው አይደለም። ሉድቪግ ኖቤል ነዳጅ በገፍ ሲጫን መርከብ እንደማይገለበጥና እንደማይቃጠል በተግባር ባያሳይ ኖሮ ከባሕሩ በአንድ ብረት ብቻ የሚለይ ታንክ ለመሥራት የሚደፍር አይገኝም ነበር።

ሦስተኛውና ለእኔ ሙያ የሚቀርበው ተን ነው። የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ከእሱ የሚወጣው ተን ከአየር ጋር ሲደባለቅ ነው፤ ስለዚህ ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ ይበልጥ አደገኛ ነው። ዓለም ይህን በደንብ የተማረው በጣም ዘግይቶ፣ በታኅሣሥ ወር 1969 ነው። በዚያ አንድ ወር ውስጥ «ማርፔሳ»፣ «ማክትራ» እና «ኮንግ ሆከን ሰባተኛ» የተባሉ ሦስት ግዙፍና አዳዲስ ነዳጅ ጫኞች በአፍሪካ ዳርቻ በባዶ ጉዞ ላይ እያሉ ፈነዱ፤ «ማርፔሳ» በመጀመሪያ ጉዞዋ ላይ ሳለች ሰጠመች። ሦስቱም ታንካቸውን በኃይለኛ የውሃ ጅረት እያጠቡ ነበር። ምርመራው ያሳየው የሚያስገርም ነገር ነው፤ ውሃው ብረቱን ሲመታ የሚፈጠረው ጭጋግ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ በትልቅ ታንክ ውስጥ ያ ሙል ተጠራቅሞ እንደ ትንሽ መብረቅ ይፈነጥቃል። በትናንሾቹ ታንኮች ያልታየው አደጋ በታንኩ ግዝፈት ተወለደ።

መፍትሔው ኦክስጅንን ማስወጣት ነው። ከቦይለሩ የሚወጣው ጭስ ታጥቦና ቀዝቅዞ ወደ ታንኮቹ ይነፋል፤ በታንኩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከ8 በመቶ በታች ከሆነ ብልጭታ ቢኖርም እሳት አይነሣም። በእኔ ተራ ጥበቃ የኦክስጅኑን መለኪያ ሳላይ የሚያልፍ አንድ ሰዓት የለም።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። በቀይ ባሕር በየመን በኩል፣ ከጅቡቲ በላይ ወደ ሰሜን፣ «ሴፈር» የሚባል በ1976 ጃፓን ውስጥ የተሠራ አሮጌ ነዳጅ ጫኝ መርከብ እንደ ተንሳፋፊ መጋዘን ታስሮ ነበር፤ ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ በርሜል በላይ ድፍድፍ ይዟል። ጦርነቱ ከጀመረ በኋላ ጥገናው ተቋረጠ፤ በ2017 ቦይለሩ ሲቆም ታንኮቹን የሚጠብቀው ጋዝ አብሮ ቆመ። የተባበሩት መንግሥታት በ2023 ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነዳጁን ወደ ሌላ መርከብ ሲያዛውር ባለሙያዎቹ ነዳጁን ከመንካታቸው በፊት ያደረጉት ያንኑ ጋዝ ወደ ታንኮቹ መመለስ ነበር። ያ መርከብ ፈንድቶ ወይም ተሰብሮ ቢሆን የአገራችን ነዳጅ የሚገባበት የባሕር መስመር ምን ይሆን እንደነበር ሳስብ ይጨንቀኝ ነበር።

የታቦር ሥር አንባቢ፦

ሞተረኛው ስለ ኖቤል ያሉትን ተቀብያለሁ፤ «የመጀመሪያው» የሚለውን ቃል በችኮላ ነው የጻፍሁት።

ታንኩ ለምን እየገዘፈ እንደሄደ ለተማሪዎቹ መንገር የሚጠቅም ይመስለኛል፤ የስዊዝ ቦይ ታሪክም እዚህ ላይ ይገባል። ቦዩ በ1869 ቢከፈትም ነዳጅ ጫኝ መርከቦች እንዲያልፉበት አይፈቀድም ነበር፤ አንድ ፍንዳታ ቦዩን ሊዘጋው ይችላልና። ለንደናዊው ነጋዴ ማርከስ ሳሙኤል የቦዩ ባለቤቶች የሚጠይቁትን የደኅንነት ደንብ የሚያሟላ መርከብ አስነድፎ «ሙሬክስ» ብሎ ሰየመው፤ በነሐሴ 1892 ወደ 4 ሺህ ቶን የሚጠጋ የሩሲያ ላምባ ጭኖ ከጥቁር ባሕሩ ወደብ ባቱሚ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሲሄድ በስዊዝ አለፈ። ሙሬክስ የዛጎል ዓይነት ስም ነው። የሳሙኤል ቤተሰብ ቀድሞ የዛጎል ንግድ ስለነበረው መርከቦቹን ሁሉ በዛጎል ስም ይጠራቸው ነበር፤ በአገራችን ከተሞች ለብዙ ዓመታት በማደያዎች ላይ ስናየው የኖርነው የሼል የዛጎል ምልክትም ከዚያው የመጣ ነው።

ያንኑ ቦይ ደግሞ ጦርነት ዘጋውና መርከቦቹ ገዘፉ። በ1956 ለጥቂት ወራት፣ ከ1967 እስከ 1975 ደግሞ ለስምንት ዓመታት በመዘጋቱ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ነዳጅ አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞሮ ወደ አውሮፓ መሄድ ነበረበት። መንገዱ ሲረዝም ትንሽ መርከብ አያዋጣም። መምህር፣ ይህም ፊዚክስ ነው፤ የመርከቡ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት እጥፍ ሲሆን የሚይዘው ስምንት እጥፍ ሲሆን የሚፈጀው ብረት ግን በአራት እጥፍ ገደማ ብቻ ያድጋል፤ የሠራተኛው ቁጥርም እምብዛም አይጨምርም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ በብዛት የሠራቻቸው ነዳጅ ጫኞች ከ16 ሺህ ቶን ብዙም የማይበልጡ ነበሩ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ከ100 ሺህ ቶን በላይ የሚጭን ተሠራ፤ በ1966 ከ200 ሺህ፣ በ1968 ከ300 ሺህ አለፈ። የሁሉም ትልቁ በኋላ «ሲዋይዝ ጃይንት» የተባለው ሲሆን 458 ሜትር ይረዝም ነበር፤ 564 ሺህ ቶን ይጭናል። ሙሉ ሲጫን ከውሃ በታች 24 ሜትር ተኩል ይወርዳል። የእኛ ሐይቅ ጥልቅ በሆነበት ቦታ 22 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ያ መርከብ በሐዋሳ ሐይቅ መካከል ቢቀመጥ ሆዱ ጭቃው ላይ ያርፍ ነበር። በ1988 በኢራንና በኢራቅ ጦርነት በአየር ተመትቶ ተቃጠለ፤ ተጠግኖም ለዓመታት አገለገለ፤ በመጨረሻ ሕንድ ውስጥ ተቆራርጦ ብረቱ ተሸጠ።

ግዝፈቱ ሲጨምር አደጋውም አብሮ ገዘፈ። በመጋቢት 1967 «ቶሪ ካንየን» በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ከዓለት ጋር ሲጋጭ 119 ሺህ ቶን ያህል የኩዌት ድፍድፍ ጭኖ ነበር፤ መንግሥት በመጨረሻ በአውሮፕላን ቦምብ አስደብድቦ ሊያቃጥለው ሞከረ። ዘይቱን ለመበተን የተረጨው ኬሚካል ለባሕሩ ሕይወት ከነዳጁ የከፋ ሆነ። መርከቦች ባሕርን እንዳይበክሉ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1973 የተፈረመው ከዚያ ድንጋጤ በኋላ ነው። በመጋቢት 1989 ደግሞ «ኤክሶን ቫልዲዝ» አላስካ ላይ ከዓለት ተጋጭቶ 37 ሺህ ቶን ያህል አፈሰሰ። መጠኑ ከሌሎቹ ያነሰ ቢሆንም አሜሪካ በሚቀጥለው ዓመት ነዳጅ ጫኞች ሁሉ ባለ ሁለት ቀፎ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች፤ ዓለምም ተከተላት። ዛሬ በትልልቆቹ መርከቦች ላይ በነዳጁና በባሕሩ መካከል ሁለት ብረትና ሁለት ሜትር ያህል ባዶ ክፍተት አለ። በ«ግሉክአውፍ» ላይ አንድ ብረት ብቻ የነበረው ነገር ሁለተኛ ብረት እስኪጨመርለት መቶ ዓመት ወሰደ።

የሐይቅ ዳር መምህር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ክበባችን ተገናኝቶ ነበር። ሞተረኛው የጻፉትን ለማሳየት ሁለት እኩል የሆኑ ሰፋፊ የፕላስቲክ ሣጥኖች አዘጋጀን፤ በአንደኛው ውስጥ ለመሐሉ ልክ የሆነ ግድግዳ በሙጫ አጣብቀን ሁለቱንም ግማሽ ድረስ ውሃ ሞላናቸው፤ በትልቅ ገንዳ ላይ አንሳፍፈንም በአንድ ጎናቸው እኩል ድንጋይ አስቀመጥን። ግድግዳ የሌለው ወዲያው ተገለበጠ፤ ግድግዳ ያለው አዘንብሎ ቆመ። ጥያቄውን ያነሣችው ልጅ ሦስት ጊዜ አስደገመችው። በሁለተኛው ጊዜ ድንጋዩን ወደ ጫፍ ስናስጠጋው ሁለቱም ስለተገለበጡ ግድግዳ አደጋን እንደሚቀንስ እንጂ ጨርሶ እንደማያስወግድ በዓይናቸው አዩ።

የጋሼን የደመወዝ ታሪክ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያም አንድ ተማሪ፣ «ነዳጁ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እንዲህ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ መርከቡ ስንት እንደጫነ በእርግጠኝነት የሚታወቀው እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ይህንንም ለእናንተ አምጥቼዋለሁ።

ሞተረኛው፦

መምህር፣ በመርከብ ላይ የሚለካው የነዳጁ ከፍታ ሳይሆን ከነዳጁ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ከታንኩ አናት እስከ ነዳጁ ወለል ያለው ርቀት በመለኪያ ይወሰዳል፤ በየታንኩ በተዘጋጀ ሠንጠረዥም ወደ መጠን ይለወጣል። መርከቡ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ካዘነበለ ለዚያ የሚደረግ ማስተካከያ አለ። ከዚያም የነዳጁ ሙቀት በሦስት ጥልቀት፣ ከላይ፣ ከመካከልና ከሥር ተለክቶ መጠኑ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ስንት ይሆን እንደነበር ይሰላል። ሻጩም ገዢውም የሚፈርሙት በዚያ በ15 ዲግሪ ሒሳብ ላይ ነው፤ ስለዚህ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ሙቀት የተጫነ ነዳጅ በሰሜን አውሮፓ ክረምት ሲራገፍ በሊትር ቢያንስም በሰነዱ ላይ ጎደለ አይባልም።

ጡረተኛ የቦቴ ሾፌር፦

እኛ የምንለካው በዘንግ ነበር፤ ከቦቴው አናት ወጥተን ዘንጉን እስከ ታች አውርደን እርጥብ የሆነበትን ቁጥር እናነባለን። ሙቀት የሚለካበት መሣሪያ በዚያን ጊዜ በመኪናችን ላይ አልነበረም። ልጆቹ ያንን 15 ዲግሪ ሒሳብ ለናፍጣ ሠርተው አሰብ ላይ በ40 ዲግሪ የተጫነ 40 ሺህ ሊትር ሐዋሳ በ20 ዲግሪ ስንት እንደሚሆን ቢጽፉልኝ፣ ወረቀቱን ማስቀመጥ እፈልጋለሁ።

የሐይቅ ዳር መምህር፦

ጋሼ፣ ልጆቹ ዛሬ ጠዋት ሠሩት። በሃያ ዲግሪ ልዩነት 660 ሊትር ያህል ይጎድላል፤ የሚደርሰው 39,340 ሊትር አካባቢ ነው። በእጃቸው ጽፈው ሁሉም ፈርመውበታል። አድራሻዎን በውስጥ መስመር ቢልኩልኝ ቅዳሜ ከሁለቱ ጋር ይዤልዎት እመጣለሁ።